ከተማውን ያጣ ስም

የሩሲያ ቋንቋ ታላቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቭላድሚር ዳል የተወለደው በ1801 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንዲት የብረት ማቅለጫ መንደር ነው። መንደሯ ሉሃንስክ ትባላለች። አባቱ ከዴንማርክ የመጣ ሐኪም ነበር። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጥቁር ባሕር አቅራቢያ፣ ወደ ሚኮላይቭ ሄደ፤ ዳልም ከዚያ ወዲህ ኑሮው ሁሉ በሌላ ስፍራ ሆነ። የባሕር ኃይል መኮንን ሆነ፣ ሐኪም ሆነ፣ የመንግሥት ሹም ሆነ፤ በ1837 ፑሽኪን በጥይት ቆስሎ ሲያጣጥር ከአልጋው አጠገብ ካልተለዩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። 200 ሺህ ያህል ቃላት ሰብስቦ በአራት ቅጽ ያሳተመው ይህ ሰው ለራሱ የብዕር ስም ባስፈለገው ጊዜ ግን የመረጠው «የሉሃንስክ ኮሳክ» የሚለውን ነው። በአራት ዓመቱ ጥሏት የወጣትን ከተማ! ምን ያህሉን ያስታውስ ነበር? የማቅለጫውን ጭስ? የቤታቸውን ደጃፍ? የዚያን ሁሉ ቃል ፍቺ የጻፈ ሰው ይህችን አንዲት ምርጫውን ሳይፈታልን አልፏል።

ስለ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ልጽፍ ተነሥቼ ከመዝገበ ቃላት አዘጋጅ መጀመሬ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ዛሬ የዳልን ዕጣ የሚጋራ አንድ የኳስ ቡድን አለ። ዞርያ ሉሃንስክ ይባላል። ከ2014 ጀምሮ በሉሃንስክ አንድም ጨዋታ አላደረገም። ስሙን ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል።

በመጀመሪያ ስለ ከተማይቱ ጥቂት ልበል። ሉሃንስክ በምሥራቅ ዩክሬን ጫፍ፣ የድንጋይ ከሰል በሞላበት በዶንባስ ምድር የምትገኝ ናት። የተቆረቆረችው በ1795 በእቴጌ ካተሪን 2ኛ ትእዛዝ ሲሆን፣ ቻርልስ ጋስኮይን የተባለ ከስኮትላንድ የመጣ መሐንዲስ ለጥቁር ባሕር መርከቦች መድፍ የሚያቀልጥ ፋብሪካ አቆመባት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ደግሞ ጉስታቭ ሃርትማን የተባለ ጀርመናዊ ባለሀብት የባቡር ሞተር ፋብሪካ ተከለ። የከተማይቱ ኑሮ ከዚያ በኋላ በዚህ ፋብሪካ ፉጨት የሚነሣና የሚተኛ ሆነ። በሶቪየት ዘመንም በናፍጣ የሚሠሩ የባቡር ሞተሮችን በብዛት ከሚያመርቱት የአገሪቱ ፋብሪካዎች ዋነኛው ይኸው ነበር።

ከፋብሪካው ሠራተኞች አንዱ ክሊመንት ቮሮሺሎቭ ነው፤ በኋላ የስታሊን ማርሻል የሆነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሞስኮን ሲጎበኙ የሶቪየት ኅብረት ርእሰ ብሔር የነበረው ይኸው ሰው ነው። በ1935 ከተማይቱ በስሙ ቮሮሺሎቭግራድ ተባለች። በ1957 ግን በሕይወት ባለ ሰው ስም ከተማ እንዳይጠራ የሚከለክል ድንጋጌ ወጣ፤ ቮሮሺሎቭም ገና በሕይወት ነበርና በ1958 ከተማይቱ ሉሃንስክነቷ ተመለሰላት። በታኅሣሥ 1969 ሲሞት ክልከላው አብሮት ሞተ፤ በ1970 መባቻ ዳግመኛ ቮሮሺሎቭግራድ ሆነች። በ1990 ደግሞ እንደገና ሉሃንስክ። በ1930 በዚያች ከተማ የተወለደና ስድሳ ዓመት የኖረ ሰው ከሰፈሩ ንቅንቅ ሳይል አራት ጊዜ የከተማው ስም ተለውጦበታል ማለት ነው።

ክለቡም ከከተማይቱ የተሻለ ዕድል አልነበረውም። የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ከ1923 ሲሆን፣ ያኔ ሜታሊስት ይባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካውና የሠራተኛ ማኅበራቱ እንደ ዘመኑ ሁኔታ ስም ሲሰጡትና ሲነሡት ኖረው በ1964 ሁለት የከተማይቱ ቡድኖች ተዋህደው ዞርያ ተባለ። ቃሉ በሩሲያኛ፣ ዛርያ ሲባል፣ የማለዳ ወጋገን ማለት ነው፤ በዩክሬንኛ ደግሞ በይበልጥ ኮከብ ነው። ሁለት ቋንቋ በሚነገርባት ከተማ አንዱ ደጋፊ ንጋትን፣ ሌላው ኮከብን እየጠራ ለአንድ ቡድን ይጮህ ነበር። ዳል ቢሰማ ደስ ባለው።

በ1966 ዞርያ ሁለተኛውን ሊግ አሸንፎ በተከታዩ ዓመት ከታላላቆቹ ጋር ተቀላቀለ። የሶቪየት ከፍተኛ ሊግ በዚያ ዘመን ምን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሻምፒዮናው እስከ 1960 ድረስ ከሞስኮ ወጥቶ አያውቅም፤ ዲናሞ፣ ስፓርታክ፣ የጦር ሠራዊቱ ቡድንና ቶርፔዶ ይቀባበሉት ነበር። በ1961 ዲናሞ ኪየቭ፣ በ1964 ዲናሞ ቲብሊሲ ሰብረው ገቡ። ሁለቱም የሪፐብሊክ ርእሰ ከተሞች ናቸው፤ የራሳቸው ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ የራሳቸው ሚኒስትሮች አሏቸው። አውራጃ ያሸንፋል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም።

በቮሮሺሎቭግራድ ግን ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንዱ የክፍለ ሀገሩ የፓርቲ ኮሚቴ አንደኛ ጸሐፊ ቮሎዲሚር ሼቭቼንኮ ነው። (ባለቅኔው ታራስ ሼቭቼንኮም፣ የኤሲ ሚላኑ አጥቂ አንድሪይ ሼቭቼንኮም አይደለም፤ ዩክሬን ሼቭቼንኮ የበዛባት አገር ናት።) ኳስ የሚወድ ሹም ነበር፤ በዚያ ሥርዓት ደግሞ የአንደኛ ጸሐፊ ፍቅር እንደ በጀት ይቆጠራል። ተጫዋቾች በወረቀት ላይ ደመወዝተኛ ስፖርተኞች አልነበሩም፤ በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ መዝገብ ላይ ሠራተኛ ተብለው የሚጻፉ ነበሩ። መኖሪያ ቤት፣ መኪና፣ ለሚስት ሥራ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ስልክ ይሆናል። ሁለተኛው ሰው አሠልጣኙ ጌርማን ዞኒን ነው። በተጫዋችነቱ ዘመን የሌኒንግራዱን ዜኒት ማሊያ የለበሰው ይህ ሰው ቡድኑን በጽኑ ሥራ ገነባው። በ1971 ዞርያ አራተኛ ወጣ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ዲናሞ ኪየቭ ነበር።

በ1972 የሆነውን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 30 ጨዋታ፣ 15 ድል፣ 10 አቻ፣ 5 ሽንፈት፤ ድል ሁለት ነጥብ በነበረበት በዚያ ዘመን 40 ነጥብ። ዲናሞ ኪየቭና ዲናሞ ቲብሊሲ እኩል 35 ይዘው ተከተሉት። አምስት ነጥብ ርቆ ማሸነፍ በዕድል የሚመጣ አይደለም። የሪፐብሊክ ርእሰ ከተማ ካልሆነ ከተማ ተነሥቶ የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ቡድን ዞርያ ነው። ከእርሱ በኋላ ሌላ የአውራጃ ቡድን፣ ድኒፕሮ፣ ዋንጫውን እስኪያነሣ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቷል።

የዚያው ዓመት ክረምት የሙኒክ ኦሊምፒክ ነበር። የሶቪየት ቡድን በሦስተኝነቱ ጨዋታ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ሁለት ለሁለት ተለያይቶ የነሐስ ሜዳልያውን ሲጋራ፣ በስብስቡ ውስጥ አራት የዞርያ ልጆች ነበሩ፤ ኩክሶቭ፣ የሊሴየቭ፣ ሴሜኖቭና ኦኒሽቼንኮ። እስቲ አስቡት፤ ዓለም ስማቸውን ከብሎኪንና ከኩርትሲላቫ ስም ጋር አብሮ የሚያነባቸው አራት ሰዎች ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ወደ ሞስኮ ወይም ወደ ኪየቭ አይደለም፤ የከሰል አቧራ ወደሚነፍስባት፣ የውጭ አገር ሰው ስሟን አንብቦ ለመጨረስ ትንፋሽ ወደሚያጥረው ወደ ቮሮሺሎቭግራድ ነው።

ውድቀቱ ከድሉ ማግስት ጀመረ። ዞኒን ወደ ዜኒት ሄደ። በ1973 መጨረሻ ሼቭቼንኮ ከሥልጣኑ ተነሣ። ስለዚህ መነሣት ብዙ ይወራል። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኪየቭ የዩክሬንን ፓርቲ መሪነት የያዘው ሽቼርቢትስኪ የዲናሞ ኪየቭ ወዳጅ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የአውራጃው ሹም የተቀጣው ርእሰ ከተማይቱን በማዋረዱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ነገሩን በዚያ ልክ ለመቀበል አልደፍርም፤ በዚያ ሥርዓት አንድ ሹም የሚወርድበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ኳስም ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የማይካደው ግን፣ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ሲሄድ ስልኩ መጥራት ማቆሙ ነው። ኦኒሽቼንኮ ወደ ኪየቭ ተመለሰ፤ በ1975 ዲናሞ ኪየቭ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ፌሬንትስቫሮሽን ሦስት ለዜሮ ሲረታ ሁለቱን ግብ ያገባው እሱ ነው።

ዞርያ በ1973 በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ የቆጵሮሱን አፖኤል አልፎ በቼኮዝሎቫኪያው ስፓርታክ ትርናቫ ቆመ። በ1974 እና በ1975 ለሶቪየት ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ መጀመሪያ ለዲናሞ ኪየቭ፣ ቀጥሎ ለአርሜንያው አራራት እጅ ሰጠ። በ1979 ከከፍተኛው ሊግ ወረደ። ሶቪየት ኅብረት እስክትፈርስ ድረስ ተመልሶ አልወጣም። ከተማይቱ ግን ተጫዋች ማፍራቷን አላቆመችም፤ በ1986 የሶቪየት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለውና በኋላ በጁቬንቱስ የተጫወተው ኦሌክሳንድር ዛቫሮቭ በሉሃንስክ ተወልዶ በዞርያ ያደገ ነው። የአውራጃ ክለብ ዋና ምርቱ ለሌላ የሚሸኘው ልጅ ነው።

ከነፃነት በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ የሚያስደስት ንባብ አይደለም። ዞርያ በ1992 የዩክሬን ከፍተኛ ሊግ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በ1996 ወረደ። ቀጥሎም እስከ ሦስተኛው ሊግ ዘቀጠ፤ የሶቪየት ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ከትንንሽ ከተማ ቡድኖች ጋር ሣር በሌለበት ሜዳ ላይ ሲታገል ለነበረው ደጋፊ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። በ2006 ወደ ላይኛው ሊግ ተመለሰ። በ2011 ዩሪ ቬርኒዱብ አሠልጣኝ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ክለቡ ቀስ በቀስ ወደ ሠንጠረዡ ላይኛው ግማሽ መውጣት ጀመረ። ለአርባ ዓመት ያህል ያልታየ ነገር ሊታይ ሲል፣ 2014 መጣ።

በዚያ ዓመት ጸደይ የታጠቁ ሰዎች በሉሃንስክ የመንግሥት ሕንፃዎችን ያዙ። በበጋው ከተማይቱ የጦር ሜዳ ሆነች፤ ከኪየቭ መንግሥት እጅ ወጥታም ቀረች። ዞርያ ከ20 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘውን አቫንጋርድ ስታዲየም ከኋላው ትቶ በቀጥታ መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ወደ ዛፖሪዥያ ተሰደደ። ደጋፊው ተበተነ። ከፊሉ እዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ወደ ምዕራብ፣ ከፊሉ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ በአንድ መደዳ ተቀምጠው አንድ ግብ ያቀፏቸው ሰዎች በግንባሩ በዚህና በዚያ ወገን ሆኑ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ አስገራሚ የሚሆነው። ስደተኛው ቡድን ከባለቤቱ ይልቅ በረታ። በ2014 በዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ደርሶ በፌይኖርድ በድምር አምስት ለአራት ተሸነፈ። በ2016 የዩክሬን ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ ያሸነፈው ሻክታር ዶኔትስክም ያው እንደ እርሱ ከዶንባስ የተሰደደ ነበር፤ ጨዋታው የተደረገው በአገሪቱ ምዕራብ ጫፍ በልቪቭ ነው። ሁለት የምሥራቅ ቡድኖች በምዕራብ ጫፍ፣ ሁለቱም ቤት አልባ ሆነው፣ ለአገራቸው ዋንጫ ተጋጠሙ። በዚያው ዓመት መከር ዞርያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፓ የምድብ ጨዋታ ገባ፤ ምድቡም ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ፌይኖርድና ፌነርባህቼ ያሉበት ነው።

የመስቀል በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን ማታ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኳስ ማሳያ ቤት ይህን ጨዋታ ካዩት አንዱ እኔ ነበርሁ። ቤቱ በቀይ ማሊያ ሞልቶ ነበር። የተቃራኒውን ቡድን ስም በትክክል የጠራ ሰው አልሰማሁም፤ «ዩክሬኖቹ» ይባሉ ነበር፣ አንዱ ጭራሽ «ሩሲያዎቹ» ሲል ያረመው የለም። «ዩክሬኖቹ» ከአንድ ሰዓት በላይ ግብ ሳያስቆጥሩባቸው ቆዩ፤ ቤቱ በብስጭት ተሞላ፤ በኋላ ሩኒ በቅጡ ያልመታት ኳስ መሬት ነጥራ ተነሣችና ኢብራሂሞቪች በራሱ አስገባት። ሁሉም ተቃቅፎ ተነሣ። እኔም ከቀይ ለባሾቹ አንዱ ነበርሁና ተነሣሁ። ያ ቡድን ለ«ሜዳው» ጨዋታ ወደ ኦዴሳ፣ ለሊጉ ደግሞ ወደ ዛፖሪዥያ እንደሚሄድ፣ ወደ ከተማው ግን መሄድ እንደማይችል ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያችን ምሽት ሳስብ የሚቆጨኝ የተጨበጨበለት ግብ አይደለም፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ስሙን አለመጠየቄ ነው።

ዞርያ ያንን ምድብ ሁለት ነጥብ ብቻ ይዞ ጨረሰ። በኦዴሳ ፌነርባህቼን እየመራ ቆይቶ በመጨረሻው ጭማሪ ደቂቃ አቻ ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በቢልባዎ ሜዳ አትሌቲክን አንድ ለዜሮ ረታ፣ ልቪቭ ላይ የበርሊኑን ኸርታ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ፣ ቬርኒዱብ ከሄደ በኋላ፣ በቪክቶር ስክሪፕኒክ አሠልጣኝነት ዛፖሪዥያ ላይ ሌስተር ሲቲን ድል አደረገ፤ ግቧን ያስቆጠረው አላህያር ሰያድማነሽ የተባለ ኢራናዊ ወጣት ነው።

ቬርኒዱብ ራሱ በመስከረም 2021 የሞልዶቫውን ሸሪፍ ይዞ ሪያል ማድሪድን በሜዳው ሁለት ለአንድ በማሸነፍ ዓለምን አስደመመ። በየካቲት 24 ቀን 2022 የሩሲያ ጦር ዩክሬንን ሲወር ሸሪፍ በፖርቱጋል ከብራጋ ጋር ጨዋታ ነበረው። አሠልጣኙ ጨዋታውን መርቶ ወደ አገሩ ገባ፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቱም የወታደር ልብስ ለበሰ።

ከሉሃንስክ ክፍለ ሀገር ከስታሮቢልስክ የተወለደው ዝነኛው የዩክሬን ደራሲ ሰርሂይ ዣዳን በ2010 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ የሰጠው ርእስ «ቮሮሺሎቭግራድ» ነው። ከተማይቱ በዚህ ስም መጠራት ካቆመች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ርእሱ የመጣው ከትምህርት ቤት የጀርመንኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ የቮሮሺሎቭግራድን ፖስት ካርዶች ይዘው ከተማይቱን በጀርመንኛ እንዲገልጹ ይታዘዙ ነበር። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር አንድ የኳስ ጨዋታ ይጫወታል፤ ሁሉም በኃይልና በደስታ ይሮጣሉ። በኋላ ወደ መቃብር ስፍራ ሲሄድ የእነዚያኑ ጓደኞቹን ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። መጽሐፉ የታተመው ጦርነቱ ከመምጣቱ አራት ዓመት ቀድሞ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ይህን ምዕራፍ ያነበብሁት ስለ ዞርያ ካወቅሁ በኋላ ስለሆነ በ1972ቱ ቡድን ፎቶግራፍ ላይ ያሉትን ፊቶች እያሰብሁ ነበር።

በ2022 የጦር ግንባሩ ወደ ዛፖሪዥያም ተጠጋ። ዞርያ ሁለተኛ ጊዜ ተነሣ፤ ጨዋታዎቹን በኪየቭና በሌሎች ከተሞች ማድረግ ያዘ፤ በ2023 በአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ «የሜዳው» ጨዋታ በፖላንድ፣ በሉብሊን ከተማ ነበር። አሠልጣኙ ዞኒን ይህን አላየም፤ በ2021 መጨረሻ በዘጠና አምስት ዓመቱ አርፏል። የድሉ ሃምሳኛ ዓመት በ2022 ሲከበር ቡድኑ ያለ ስታዲየም ነበር። የዚያን ጊዜው የውድድር ዘመን በ2023 ክረምት ሲጠናቀቅ በዩክሬን ፕሪሚየር ሊግ ሠንጠረዥ ሦስተኛው መስመር ላይ የተጻፈው ስም «ዞርያ ሉሃንስክ» ነው። በቡድኑ የወጣት ክፍል ውስጥ ይህን ማሊያ ከሚለብሱት ልጆች መካከል ከ2014 በኋላ የተወለዱ አሉ።